አቦ፣ ጨምርበት! ሙዚቃ ከፍ ሲል ለምን ይጥመናል?

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ለሰርግ ሙያተኞችና ለሙዚቃ ወዳጆች ከቀረበ ንግግር ለንባብ የተሰናዳ)

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑ፤ ሞንታርቦው አጠገብ ቦታ አለ፣ ዛሬ እዚያ መቀመጥ ያዋጣል። እናቶች ግን ወደ ኋላ ብትሆኑ ይሻላል፤ ምክንያቱን ቆይቼ እናገራለሁ።

እኔ የምሠራው ሳውንድ ነው። ሰርግ፣ ምርቃት፣ አንዳንዴም የመድረክ ዝግጅት። የሳውንድ ሰው ሥራውን በደንብ ሲሠራ ማንም አያስታውሰውም፤ ድምፅ ሲያንስ ግን ዳሱ ሙሉ ሰው ዞሮ ያየዋል። ሚክሰር ኋላ በቆምኩባቸው ዓመታት ሁሉ «አቦ፣ ቀንስልን» ያለኝ ሙሽራ የለም። «አቦ፣ ጨምርበት!» የሚለውን ግን ከሚዜው እሰማለሁ፣ ከሙሽራው አጎት እሰማለሁ፣ ትሪ ይዛ ከምታልፈው ልጅ ሳይቀር እሰማለሁ። ቀንስ የሚል ጎረቤት ካለ፣ ሳይጠራ የቀረ ጎረቤት ነው።

ዘፈኑ ያው ዘፈን ነው። ድምፃዊውም ያው። ታዲያ ቁልፉን ትንሽ ወደ ቀኝ ስናዞረው ዘፈኑ ለምን የተሻለ ዘፈን ይሆናል? አባቶች «ወጣት ስለሆኑ ነው፣ ያልፍላቸዋል» ይላሉ። እነዚሁ አባቶች ግን የወጣትነታቸው ዘፈን ሲከፈት ከወንበራቸው ተነስተው «ሞቅ አድርገው እንጂ ልጄ!» ሲሉኝ ስለማውቃቸው ይህን መልስ አልቀበልም። እኔ የምለው ሌላ ነው። የምንወደው ጩኸቱን አይደለም፤ ጩኸቱ ይዞት የሚመጣውን ነው። ያንን ደግሞ አብዛኛውን ባነሰ ጩኸት ማግኘት ይቻላል።

በቅድሚያ እንስማ። ይህን ዘፈን በጣም ዝቅ አድርጌ እከፍተዋለሁ።

(ዘፈኑ ተከፈተ።)

ምን ሰማችሁ? ድምፃዊውን። ጭብጨባውን። የኪቦርዱን ቀጭን ዜማ። ቤዝ ጊታሩስ? ከፊት ያለው ልጅ «የለውም» አለ። አለው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየተመታ ነው። አሁን ልጨምርለት... አዎ፣ ፈገግታችሁን አየሁት። አዲስ ነገር አልጨመርኩም፣ ኢኩዋላይዘሩንም አልነካሁም። ቤዙ ተደብቆ የቆየው በጆሯችሁ ነው።

ጆሯችን ሁሉንም ድምፅ እኩል አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ1933 ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የተባሉ የአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች ይህንን ለክተው አሳተሙ። ዘዴያቸው ለመረዳት አይከብድም፤ ለአድማጩ አንድ መካከለኛ ድምፅ ያሰሙታል፣ ቀጥለው ወፍራም ወይም ቀጭን ድምፅ ያሰሙትና ሁለቱ እኩል የሚሆኑለት ምን ላይ ሲደርስ እንደሆነ ይመዘግባሉ። በኋላ ብዙ ሰዎች ደጋግመው ለክተው አስተካክለውታል፤ ዛሬ ዓለም አቀፍ መመዘኛ ሆኗል። ቁጥሩን ልንገራችሁ፣ ደስ ይላል። ኸርዝ ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል፤ ዴሲቤል ደግሞ የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው። የ1,000 ኸርዝ ድምፅ ጤነኛ ጆሮ ለመስማት ሁለት ወይም ሦስት ዴሲቤል ይበቃዋል። የ50 ኸርዝ ድምፅ ግን ገና እንዳለ ለመታወቅ ብቻ ወደ 44 ዴሲቤል ይፈልጋል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር የሚሰጠው ድምፅ ደግሞ 41 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ «ልጆቹ እንዳይነቁ» ብላችሁ ዝቅ አድርጋችሁ የከፈታችሁት ዘፈን፣ ወፍራሙ ክፍል ከመስሚያ መጠን በታች ወድቆ ቀርቷል። የምትሰሙት ቅቤና በርበሬ የሌለው ገንፎ ነው።

የነገሩ ጉልበት ያለው ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። ድምፁ ከፍ እያለ ሲሄድ ይህ አድልዎ እየጠበበ ይሄዳል። 40 ዴሲቤል ላይ ካለ መካከለኛ ድምፅ ጋር እኩል እንዲሰማ፣ የ50 ኸርዙ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል በላይ ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋል። ወደ 80 ስትወጡ ልዩነቱ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ድምፅ ስትጨምሩ ሁሉም ነገር እኩል አይጨምርላችሁም፤ ቤዙ ከሌላው ፈጥኖ ያድጋል። ዘፈኑ ሰፋ፣ ወፈረ፣ ቀረበ የምትሉት ለዚህ ነው። ዘፈኑን ስቱዲዮ ውስጥ ያቀናበረው ሰውም ሲሠራ ከፍ አድርጎ ከሰማው፣ እናንተ ዝቅ ስታደርጉት እሱ ያልሠራውን ዘፈን ነው የምትሰሙት።

የድሮ ቴፕ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ ነበረው። ብዙዎቻችን «የሚያስጮኸው ቁልፍ» ነበር የምንለው፤ ሥራው ግን ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ የሚጥለውን ቤዝና ጥቂት ቀጭን ድምፅ መልሶ መሙላት ነው። ከፍ አድርጎ ለሚሰማ ሰው አያስፈልግም። እኛ ድሬዎች ግን እሱንም ተጭነን፣ ድምፁንም እስከ መጨረሻ አዙረን ነበር የምንሰማው። ስፒከሩ ሲቀደድ ጥፋቱ የቴፑ ሆነ።

ስለ ስልክ ልናገርና ልለፍ። የስልክ ትንሽ ስፒከር ወፍራም ድምፅ ማውጣት አይችልም፣ ብትጨምሩትም አይችልም። ሆኖም የአሊ ቢራን ኡድ በስልክ ስትሰሙ ወፍራሙ ክር የትኛውን ኖታ እንደመታ ታውቃላችሁ። አእምሯችን ከላይ የቀሩትን ድምፆች ቆጥሮ ከታች የጎደለውን ራሱ ይገምታል። ዜማው አይጠፋም። የሚጠፋው ክብደቱ ነው፤ ይህም ወደ ሰውነታችን ያመጣኛል።

ከፊት ላላችሁት ፊኛ ሰጥቻችኋለሁ፤ በሁለት እጃችሁ ሳትጨምቁ ያዙት። አሁን ቤዙን ብቻ ልክፈት። ጣታችሁ ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር አለ አይደል? የፊኛው ቆዳ ከአየሩ ጋር እየተገፋና እየተሳበ ነው። ደረታችሁም እንደዚያው እየሆነ ነው፣ በመዳፋችሁ ስለማትይዙት ብቻ አታስተውሉትም። እናቶችን ወደ ኋላ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ይህን የማይወድ ሰው አለ፣ ልብ የሚመታበት ይመስለዋል።

ክብረ በዓል ላይ ከበሮ አጠገብ የቆመ ሰው ይህን ለማወቅ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 የሄዳችሁ፣ ካህኑ ከበሮውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሰፊውን አፍ በመዳፉ ሲመታው ከጎኑ ቆማችሁ ከሆነ ድምፁን የት እንደሰማችሁት ታውቃላችሁ። ሆድ ላይ ነው። ሐረር ውስጥ ዚክሪ (የሃይማኖታዊ ዝማሬ ጉባኤ) የታደመ ሰውም፣ ከበሮው ከእንጨት ማጨብጨቢያው ጋር አንድ ላይ ሲሄድ ምንጣፉ ከሥሩ እንደሚነግረው ያውቃል። ሞንታርቦ ከመምጣቱ በፊት ሰው ከፍ ያለ ድምፅ ይፈልግ ነበር፤ ያገኘውም በቆዳና በእንጨት፣ ደግሞም በሰው ብዛት ነው። እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ነገር አለ። አንድ ሰው ሲዘፍን የነበረውን እኩል ድምፅ ያላቸው አሥር ሰዎች ቢዘፍኑት፣ የድምፁ ጉልበት አሥር እጥፍ ይሆናል፤ በዴሲቤል ሲለካ ግን የሚጨምረው 10 ነው፣ ጆሯችንም የሚፈርደው «ሁለት እጥፍ ያህል ሆነ» ብሎ ነው። ሸጎዬ ጭፈራ ላይ ሰልፉ በእጥፍ እንዲደምቅ ከተፈለገ ሰዉ አሥር እጥፍ ሊሆን ነው ማለት ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

ወደ ሰውነት ልመለስ። በውስጠኛው ጆሯችን፣ ከመስሚያው ክፍል አጠገብ፣ ሚዛን የሚጠብቅ ሌላ ክፍል አለ። ስንዘነበል፣ ባጃጅ በድንገት ሲነሳ፣ ደረጃ ስንስት የሚነግረን እሱ ነው። ከክፍሎቹ አንዱ ሳኩል ይባላል፤ ዓሣዎች የሚሰሙት በእሱ ነው። በእኛ ዘንድ ሥራው ሚዛን ቢሆንም ድምፅን ጨርሶ አልረሳም። እ.ኤ.አ. በ2000 ኒል ቶድና ፍሬደሪክ ኮዲ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች፣ የጭፈራ ቤት ያህል ከፍ ያለ ድምፅ፣ ከ90 ዴሲቤል ገደማ በላይ ሲሆን፣ ይህን የሚዛን ክፍል እንደሚቀሰቅስ የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ያቀረቡት ሐሳብ፣ ሰው ዥዋዥዌ ላይ የሚያገኘውን ደስታ እዚያው ቆሞ ከሙዚቃው ያገኘዋል የሚል ነው። ሐሳብ ነው እንጂ የተዘጋ ጉዳይ አይደለም፤ እኔን ግን ያሳምነኛል። ሰርግ ላይ ድምፁ አንድ ደረጃ ሲያልፍ የተቀመጠው ሰው ጭንቅላት ሳያውቀው መወዛወዝ ሲጀምር ከሚክሰሩ ኋላ ሆኜ አየዋለሁ።

ካናዳ ውስጥ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሠሩት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። እውነተኛ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ኮንሰርት አዘጋጁ፤ ከ8 እስከ 37 ኸርዝ ያለውን እጅግ ወፍራም ድምፅ የሚያወጡ ልዩ ስፒከሮች ሰቀሉ፤ በየጥቂት ደቂቃው እያበሩ እያጠፉ የታዳሚውን እንቅስቃሴ ለኩ። ስፒከሮቹ ሲበሩ ሰዉ በአማካይ 11.8 በመቶ የበለጠ ተንቀሳቀሰ። መብራታቸውንና መጥፋታቸውን ግን ለይቶ አላወቀም። ያልሰማው ድምፅ አስጨፈረው። ዲጄዎች፣ ይህን ለአከራያችሁ ንገሩት፤ ሰብ ውፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣውን ስፒከር) ይዞ መምጣት ትርፍ ወጪ አይደለም።

አሁን ስለ ከተማችን። ድሬ ውስጥ በሙቀቱ ምክንያት ሕይወታችን ደጅ ነው። ግድግዳ የሌለበት ቦታ ድምፅ ተመልሶ አይመጣም፤ ከስፒከሩ ያላችሁ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር 6 ዴሲቤል ይወርዳል። በዚያ ላይ ባጃጁ አለ። የሞተር ጩኸት ወፍራም ድምፅ ይበዛዋል፤ ስለዚህ ከዘፈኑ ቀድሞ የሚውጠው ቤዙን ነው። የባጃጅ ሾፌር ከኋላ ወንበር ሥር ትልቅ ስፒከር ቀብሮ እስከ መጨረሻ የሚያስጮኸው ጉረኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም (ጉራውም አለበት)። ከሞተሩ ጋር እየተፎካከረ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ሰው ሲጠብቅ ድምፁን ቀንሶ ታገኙታላችሁ።

የተገላቢጦሹን ማየት ከፈለጋችሁ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከተማውን ተመልከቱ። ሱቅ ዝግ ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ሰው በርጫ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ኡዱ ዝቅ ብሎ ተከፍቶ ማንም «ጨምርበት» አይልም። ሰዎቹ ያው ማታ ሰርግ ላይ የሚጮሁብኝ ናቸው። በዙሪያቸው የሚሸፍን ጩኸት ስለሌለ ትንሹም ድምፅ ሙሉ ሆኖ ይደርሳቸዋል፤ ስፒከሩም የተቀመጠው ክንዳቸው ሥር ነው።

ስለ ማታው ደግሞ አንድ የማይታወቅ ነገር አለ። ቀን መሬቱ ግሎ፣ መሬቱን የነካው አየር ከላይኛው ይልቅ ስለሚሞቅ ድምፅ ወደ ሰማይ ይታጠፋል። ፀሐይ ስትገባ ይገለበጣል፤ መሬቱ ቀዝቅዞ የላይኛው አየር ሞቅ እንዳለ ይቆያል፣ ድምፁም ወደ ታች ይታጠፋል። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ያለው ሰርግ ቀን የማይሰማው፣ ማታ ግን አልጋችሁ ድረስ የሚመጣው ከዚህም የተነሳ ነው። ግድግዳ ሲገጥመው ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ይቀርና ወፍራሙ ያልፋል። ጎረቤት «ድም ድም» እንጂ ዘፈን ሰምቶ አያውቅም። የእኛን ደስታ ግማሹን ብቻ፣ ያውም የሚያስጨፍረውን ግማሽ፣ ተኝቶ እንዲቀበል ነው የምንፈርድበት።

ታይዋን ገበያ እንግባ። ስፒከር ስትገዙ ካርቶኑ ላይ «5,000 ዋት» የሚል ታያላችሁ፤ አጠገቡ «ፒኤምፒኦ» የሚሉ ፊደላት አሉ። ይህ ወጥ መለኪያ የሌለው የገበያ ቁጥር ነው፤ አትመኑት። ዋቱ እውነት ቢሆን እንኳ ያችን ያዙልኝ ያልኳችሁን ቁጥር አስታውሱ፦ መቶ ዋት ወደ ሺህ ዋት ሲያድግ ጆሮ የሚሰማው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። መቶው ሁለት መቶ ቢሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ገንዘቡ ግን በእጥፍ ነው። ሌላም አለ። ሻጩ ሁለት ስፒከር ሲያወዳድርላችሁ ሊሸጥ የፈለገውን በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ከከፈተው እሱን ትመርጣላችሁ። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ጆሮ «ይህኛው ጮኸ» አይልም፤ «ይህኛው ጠራ» ነው የሚለው። እኔም ይህን እያወቅኩ እታለላለሁ። መድኃኒቱ ሁለቱን በስልክ መለኪያም ቢሆን እኩል አድርጎ መስማት ነው። የዘፈን አሳታሚዎችም በዚሁ ድክመታችን ተጠቅመው በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲዲዎችን እያስጮኹ ሲሽቀዳደሙ ኖረዋል፤ ዝቅና ከፍ ያለው ሁሉ ተደፍጥጦ እኩል ሆነ። አሁን የኢንተርኔት ሙዚቃ አገልግሎቶች ዘፈኖቹን ራሳቸው ስለሚያስተካክሏቸው እሽቅድድሙ ትርጉም እያጣ ነው። ተገላገልን።

የማልወደውን ክፍል በአጭሩ ልናገር። በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ፤ የሞቱት በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኛ ያስቀመጠው ገደብ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ነው። ሞንታርቦ ሥር የሚጨፍሩ ሕፃናትን አስቧቸው። ዲጄውም ራሱ አለ፦ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ በልኩ ይጀምራል፣ ጆሮው ይደክማል፣ ስለዚህ ትንሽ ይጨምራል፣ ይበልጥ ይደክማል። ስድስት ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደሄደ የሚያውቀው አዲስ የገባ እንግዳ ብቻ ነው፤ እሱም በሩ ላይ ጆሮውን ይዞ ይቆማል። ጠዋት ጆሯችሁ ጭው ካለ ያለፈው ሌሊት ከልክ በላይ ነበር።

ጥያቄ ካለ... እሺ፣ እትዬ።

«ቤቴ ከአዳራሽ ጎን ነው። ቀንሱ ብዬ ብለምን ማን ይሰማኛል?» «ቀንሱ» አይበሉ፤ ማንም አይሰማም። «ሰብ ውፈሩን ከእኔ ግድግዳ አርቁልኝ» ይበሉ። ግድግዳና ጥግ ቤዝን ያጎላዋል፤ ሲርቅ እርስዎም ይተኛሉ፣ የዳሱ ውስጥ ድምፅም ይጠራል። ሳውንዱ የሚገባው ልጅ ከሆነ እምቢ አይልም።

አንተስ? «ከፊት ያሉት ጆሯቸውን እየያዙ ከኋላ ያሉት ጨምር ሲሉ ምን ላድርግ?» ይህ የሁላችንም በሽታ ነው። ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ ሙሽሮቹ ፊት ገትረን ሁለት መቶ ሰው ልናዳርስ እንሞክራለን። ዳሱ መካከል ላይ ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች ጨምር፤ ከፍታቸው ከተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ይብለጥ። የፊተኞቹን ቀንስ። ከኋላ ያለው ሰው የፈለገው ቅርበት ነው።

የመጨረሻ። «ሁሉን አስተካክዬ የሙሽራው አጎት መጥቶ ጨምር ቢለኝስ?» ይመጣል፣ አትጠራጠር። ዋናውን ቁልፍ አትንካ። ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ያለውን፣ ጆሮ የሚወጋውን፣ ሁለት ሦስት ዴሲቤል አውርድ፤ ከ100 በታች ያለውን ያንኑ ያህል ከፍ አድርግ፤ ከዚያ ቀና ብለህ አጎትየውን እየው። አውራ ጣቱን ያሳይሃል።